ከነሲም እስከ ሰናኢያ፦ የሚደበቅ ዘይት ስንፈልግ የዋልንበት ሐሙስ

ነሲም፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል

ፈጅር ተሰግዶ ሰፈሩ ተመልሶ ተኝቷል። እኔ አስፋልት ላይ በደረቴ ተኝቼ በእጅ ባትሪ የመኪናውን ሆድ አያለሁ። ማታ የአሠሪያችን ልጅ አዲሱን መኪናውን ቀድሞ ስላስገባ የእኛ አሮጌ ደጅ ነው ያደረው። ከሥሩ ያነጠፍኩት ካርቶን ንጹሕ ነው፤ አንዲት ጠብታ የለችበትም። ከትናንት ወዲያ ግን ግቢ ውስጥ፣ አዲሱ ነጭ ሰድር ላይ፣ መዳፍ የሚያክል ጥቁር ዘይት አፍስሶ ነበር።

ሦስት ወር እንዲህ ከረመ። ሁለት ቀን ያፈስሳል፣ ሦስት ቀን ይደርቃል። መካኒክ ዘንድ ስወስደው ደርቆ ይቆማል፤ ቤት ስመልሰው ይጀምራል። ሁለት መካኒኮች ከሞተሩ ጀርባ ያለው ዘይት የሚይዘው ጎማ አልቋል፣ ሞተሩ መውረድ አለበት ብለውኛል። ሁለቱም ሲንጠባጠብ አላዩትም፤ የደረቀ ርዝራዡን አይተው ነው የፈረዱት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን ሪያድ ውስጥ፣ ነሲም በሚባለው ሰፈር፣ የአቡ ናስር ቤት ሹፌር ነበርኩ። አቡ ናስር ከፊሌ ነው፤ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በእሱ ስም የወጣ፣ መግቢያዬም መውጫዬም በእሱ እጅ ያለ ሰው። መኪናው አሜሪካ ሠራሽ፣ ረጅም፣ ቡናማ፣ ዕድሜው ከአሥራ አምስት ዓመት ያለፈ ነበር። ሴቶች ልጆቹን ትምህርት ቤት የማመላልሰው በእሱ ነው። ባለቤቴ ራህመትም እዚያው ቤት ትሠራለች። እሷ ከሐይቅ ወደ ሪያድ የመጣችው ከእኔ አራት ዓመት ቀድማ ነው። አቡ ናስርን ለምና፣ መዳሟን አስለምና፣ በሹፌር ቪዛ ያስመጣችኝ እሷ ናት። ጣራው ላይ ባለችው ክፍል አብረን መኖር ከጀመርን ገና ዓመት ከሁለት ወራችን ነው።

ረቡዕ ከዐሱር በኋላ አቡ ናስር ሰድሩን በምርኩዙ እየጠቆመ ቁርጡን ነገረኝ። እስከ ቅዳሜ ካልተገኘ መኪናውን ለአሮጌ ብረት ገዢዎች ይሰጠዋል። መኪና ከሌለ ሹፌር አያስፈልግም፤ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ ተመትቶልኝ አገሬ እገባለሁ። ራህመት ግን ትቆያለች፣ ልጆቹ ለምደዋታል። ይህን ሲናገር አልተቆጣም። ስለ አየሩ የሚያወራ ነው የሚመስለው።

ትምህርት ቤት በር ላይ ከምንገናኘው ሹፌሮች አንዱ፣ ሰናኢያ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ይርዳው የሚባል የደብረ ታቦር መካኒክ አለ፣ እሱ ካላገኘው ማንም አያገኘውም ብሎኝ ነበር። ማታ ለራህመት ስሙን ነገርኳት። ምንም አላለችም። አሁን ሻንጣ የሚያክል ፌስታል ይዛ፣ አባያዋን ሰብስባ፣ የኋላው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። መዳም ከባጥሐ ገበያ የመጋረጃ ጨርቅና ትልቅ ድስት እንድትገዛ አዛታለች። ያኔ ሐሙስ የዕረፍት ቀን፣ ትምህርት ቤትም ዝግ ስለነበር አቡ ናስርም ቀኑን ሙሉ መኪናውን ፈቅዶልናል። ሞተሩን አስነሳሁ። ያረጀ ቢሆንም ድምፁ ለስላሳ ነው።

ሰናኢያ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

ዳኢሪውን፣ ማለትም ከተማውን የሚዞረውን ሰፊ መንገድ ይዘን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወረድን። ፋብሪካዎቹ ከሩቅ ነጭ ጭስ ያወጣሉ። ሠራተኛ የጫኑ አውቶቡሶች መስኮታቸው ላይ የተኛ ፊት ተደግፎባቸው ያልፋሉ። ከፋብሪካዎቹ ጀርባ ወርሻዎቹ፣ የመኪና መጠገኛዎቹ፣ ተደርድረዋል፦ ቆርቆሮ በር፣ በዘይት የጠቆረ አሸዋ፣ ሻይ በወረቀት ኩባያ፣ ከሬዲዮ የሚወጣ ኡርዱ።

ይርዳው በዕድሜ ከእኔ ጥቂት የሚበልጥ፣ ቀጭን፣ ጢሙን ሙልጭ አድርጎ የላጨ ሰው ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ አማርኛው የጎንደር ነው። የሦስቱን ወር ታሪክ ስነግረው አላቋረጠኝም። ሞተሩ ይውረድ አላለም። «የሚያፈስስን መኪና ሁሉም ያገኘዋል፤ አንዳንዴ የሚያፈስሰውን ነው ማድባት» አለ። ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን በነጭ ጋዝ አጠበው፣ በአየር አደረቀው። ከዚያ ከበቃላ፣ ከሰፈር ሱቅ፣ የተገዛ የሕፃን ፓውደር አውጥቶ፣ በእጁ እየቆነጠረ፣ መጋጠሚያ ሁሉ ላይ በተነው። ሞተሩ ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ። ዘይቱ በየትም ቢወጣ ነጩ ላይ ጥቁር መንገድ ያሰምራል። ከዚያ በኋላ ሥራችን መንዳት፣ መቆም፣ ማየት ነው አለኝ። ሐሙስ ስለሆነ ሥራ ቀሎለታል፣ አብሮኝ ሊውል ተስማማ።

እስከዚህ ድረስ ወደድኩት። እጁን በሳሙና ታጥቦ ሊገባ የፊተኛውን በር ሲከፍት የኋላው ወንበር ላይ ራህመትን አያት። ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ዓይኑን ዝቅ አድርጎ፣

«እንደምን አደርሽ እህቴ። ያ ጥርስ ዳግመኛ አመመሽ?» አላት።

«አይ፣ አስነቀልኩት» አለችው።

በቃ ይኸው ነው። እሱ ገብቶ በሩን ዘጋ። እኔ መሪውን ይዤ ቀረሁ። ራህመት በግራ በኩል ከኋላ አንድ ጥርስ እንደጎደላት አውቃለሁ። መቼ እንደወለቀ ግን ጠይቄያት አላውቅም። ባሏ ያልጠየቅኳትን ይህ ሰው ያውቀዋል።

«ትተዋወቃላችሁ እንዴ?» አልኩ፣ እንደ ቀላል ነገር።

«ድሮ የነበረችበት ቤት መኪና እሠራ ነበር» አለ ይርዳው። በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። ራህመት ወደ ውጭ ታያለች።

የኸርጅ መንገድ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ይርዳው ረጅምና ፈጣን ጉዞ ያስፈልጋል ስላለ የኸርጅን መንገድ ይዣለሁ። ቀጥ ያለ አስፋልት፤ ግራና ቀኝ ቢጫ አሸዋ፣ አልፎ አልፎ የግመል አጥር፣ ከሩቅ በመስኖ የለማ አረንጓዴ ክብ የስንዴ ማሳ። ሐሙስ ወደ እርሻቸው የሚወጡ ቤተሰቦች ፒካፕ ላይ ምንጣፍና በግ ጭነው ይቀድሙናል።

እሱ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘንብሎ ተቀምጧል። በመቶ ሃያ እንድነዳ ያዘኛል፣ ከዚያ በስልሳ፣ ከዚያ እግሬን እንዳነሳ። አፍንጫውን ወደ አየር ማስገቢያው አስጠግቶ የተቃጠለ ዘይት ያሸታል። ስለ ሞተር ሲያወራ ደስ ይላል። ዘይት ሲሞቅ እንደ ውኃ ይቀጥናል፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ማር ይይዛል፤ የጠዋትና የቀትር ቀዳዳ አንድ አይደለም ይላል። ራህመት ከኋላ ሆና ትሰማለች። እኔ ስለ መኪና ሳወራ ሰምታኝ አታውቅም። ይህን ያሰብኩት ያኔ ነው፣ መስታወቱን በቀኝ እጄ ወደ እሷ ፊት እያዞርኩ።

ስልሳ ኪሎ ሜትር ላይ ካለ ነዳጅ ማደያ ቆምን። ነዳጅ ሞላሁ፣ ሦስት ሻይ በሦስት ሪያል ገዛሁ። ይርዳው ኮፈኑን ከፈተ። ፓውደሩ እንደተበተነ ነው። ከሥር ካርቶን አነጠፍን፣ ሩብ ሰዓት ጠበቅን። ምንም የለም።

«አብሽር፣ ይወጣል» አለችኝ ራህመት በመስኮቱ። ጥሩ ቃል ነው፣ ግን እሱም እየሰማ ስለነበር ለማን እንደተባለ ተጠራጠርኩ። ቅናት እንዲህ ነው የሚያደርገው። ለእኔ የተሰጠኝንም ይቀማኛል።

መመለሻው ላይ፣ 6 ሰዓት

የዙሁር አዛን መንገድ ላይ ደረሰብን። ከአስፋልቱ ዳር ብቻዋን የቆመች መስጊድ አለች፤ አጠገቧ በቃላና የጎማ ጥገና። ለሶላት በሮቻቸው ተዘጉ። ይርዳው ክርስቲያን ነው፤ ራህመት የወር አበባዋ ላይ ስለነበረች አትሰግድም። ስለዚህ ሁለቱን መኪና ውስጥ ትቼ መግባት ነበረብኝ።

ሰገድኩ ማለት አልችልም። ጎንበስ ብዬ ቀና አልኩ እንጂ ልቤ መኪናው ውስጥ ነበር። ስንት ረከዓ እንደሆነ ጠፍቶኝ ከጎኔ ያለውን ሰው እያየሁ ጨረስኩ።

ስወጣ ይርዳው መኪናው ውስጥ አልነበረም። ከመንገዱ ማዶ፣ ዛፍም ጥላም በሌለበት፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ነበር። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ በረሃውን ያያል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባሏ በሌለበት ከሌላ ወንድ ጋር መኪና ውስጥ የተቀመጠችን ሴት ሙጠዋ፣ የሃይማኖት ፖሊሱ፣ ካገኛት ለሁለቱም ተርሒል፣ ከአገር መባረር ነው። ለእሷ ብሎ ነው የወጣው። ልቡ ሰላም የሆነ ሰው ይህን አይቶ ያመሰግናል። እኔ ግን ምን አልኩ? ምንም ከሌለ ይህን ያህል ለምን ራቀ? አጠገቡ ቢቆም አይበቃም ነበር? ቢቀመጥም በጠረጠርኩት፣ ቢወጣም ጠረጠርኩት።

ኮፈኑን ከፈትን። ደረቅ ነው።

ዳኢሪው ዳር፣ 7 ሰዓት ተኩል

ከከተማው መግቢያ ላይ ምሳ ገዛሁ፤ ሩዝ በዶሮ፣ ለሦስት ሰው የሚበቃ፣ በትልቅ ትሪ። መንገድ ዳር ከምትገኝ ግራር ሥር ምንጣፍ ዘረጋን። ይህን ግብዣ የከፈልኩት እኔ ነኝ፣ አስተናጋጁ እኔ ነኝ፤ ትሪውን ወደ ይርዳው ስገፋለት ደረቴ ትንሽ ነፋ ብሎ ነበር።

እሱ እጁን ልቡ ላይ አድርጎ አመሰገነና አልበላም አለ። ሁዳዴ መሆኑን ረስቼው ነበር። ከሐይቅ ገዳም ደወል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ረሳሁት።

ራህመት ግን አልረሳችም። ከፌስታሏ ክዳን ያለው ሳህን አወጣች። ፉል ነው፣ በሽንኩርትና በቃሪያ፣ በዘይት የተሠራ። ሁለት ዳቦ ተጠቅልሎ አብሮ አለ። ፊቱ አስቀመጠችለት። ከፈጅር በፊት ተነስታ ወጥ ቤት የገባችው ለዚህ ነበር ለካ። ማታ ስሙን ስነግራት ዝም ያለችውም ሰውየውን አውቃው ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ። እሷ ከዶሮው ትልቁን ቁራጭ አንስታ እኔ ፊት አደረገችው። በላሁት፣ ጣዕሙን ግን አላስታውስም።

በልተን ጨረስን። ከዚያ ይርዳው ስለ ቤተሰቤ ጠየቀኝ፤ በአጭሩ መለስኩለት። እሱ ሚስት እንዳለው ጠየቅሁት። የለኝም አለ። ለምን እንዳላገባ አልጠየቅሁትም። መልሱን የማውቀው መሰለኝ።

ባጥሐ፣ 10 ሰዓት

ዐሱር ተሰግዶ ሱቆች ተከፍተዋል። ባጥሐ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መርፌ መጣያ የለውም። የኬራላው፣ የዳካው፣ የካርቱሙ፣ የወሎው ሰው ሁሉ የሳምንቱን ሥራ ጥሎ እዚህ ይፈስሳል። ገንዘብ መላኪያ ደጅ ላይ የተሰለፈው ወረፋ ቅርጫት ሙሉ ካልሲ የሚሸጠውን ሰውዬ ከቦታ ቦታ ያንከራትተዋል። የሰው ላብ፣ የተጠበሰ ሳምቡሳ፣ ርካሽ ሽቶ።

መኪና ማቆሚያ አጣሁ። በመጨረሻ አንድ መጋዘን በር ላይ፣ ዕቃ ማራገፊያው ዳገት ላይ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጌ ወተፍኩት። ትራፊክ ስለሚያነሳው ሹፌሩ መራቅ አይችልም። ራህመት ለመጋረጃውና ለድስቱ ወረደች። ይርዳው የጥርስ ብሩሽ ምናምን እገዛለሁ ብሎ በሌላው መንገድ ሄደ። እኔ ቀረሁ።

ሃያ ደቂቃ ያህል ተቀመጥኩ። ከዚያ እንዲያው ለመንቀሳቀስ ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ።

እዚያ ነበረ። ከሞተሩ በስተኋላ፣ እሳቱን ለካንዴላዎቹ ከሚያከፋፍለው ዲስትሪቡተር ግርጌ፣ ነጩን ፓውደር ሰንጥቆ፣ እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር መስመር ወደ ታች ይወርዳል። ጫፉ ላይ ጠብታ ተንጠልጥሏል። እኔ እያየሁት ወደቀ፤ ሌላው ደግሞ መሰብሰብ ጀመረ። ሦስት ወር የተደበቀው ይኸው። የሞተሩ ጀርባ ጎማ አይደለም፣ ሞተር መውረድ አያስፈልገውም። ልቤ ዘለለ። ይርዳውን ልጠራ ቀና አልኩ።

ከሰዉ መሐል ሲመጡ አየኋቸው። ከአንድ መተላለፊያ ነው የወጡት። ትልቁን ድስት ይርዳው ራሱ ላይ ደፍቶ ይዞታል፣ ራህመት ጥቂት እርምጃ ከፊቱ የመጋረጃውን ጨርቅ ታቅፋ ትመጣለች። አንድ ነገር አላት፤ ዞር ብላ ሳቀች። ፊቷ በሻርፕ ተሸፍኗል፣ ግን የራህመትን ሳቅ ከዓይኗ አውቀዋለሁ። ለእኔ ጣራው ላይ ባለችው ክፍል እንዲህ ስቃልኝ ታውቃለች? ይህንን ነው የጠየቅሁት፣ መልስም አልጠበቅሁም።

የኪሴን ጨርቅ አወጣሁ። መስመሩን ከላይ እስከ ታች ጠረግሁት። ከኋላ ወንበር ላይ ከነበረው ቆርቆሮ ፓውደር ወስጄ የጠረግሁትን ቦታ ሸፈንኩት። መሬት ላይ የወደቀውን ጠብታ በጫማዬ አሸሁት። ኮፈኑን ዘጋሁ። ሁሉም የፈጀው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

ለምን እንዳደረግሁት ያኔ በቃል ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም ነበር። ዛሬ እነግራችኋለሁ፦ እሱ አገኘው እንዲባል አልፈለግሁም። እንደ አዋቂ የሚወራለት ሰው ራህመት እያየችው ባዶ እጁን እንዲመለስ ፈለግሁ።

«አለ ነገር?» አለኝ ይርዳው ድስቱን እያወረደ። የለም አልኩት።

ሰናኢያ ዳግመኛ፣ 11 ሰዓት

ወርሻው ለጥ ያለ ሲሚንቶ ላይ ቆመን ይርዳው ለመጨረሻ ጊዜ አየው። ከሥሩ ገባ፣ ወጣ። መብራት ይዞ ከኋላ ከፊት ፈለገ። መንገዱ ከመቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ነበር። ፊቱ ደክሞታል፣ ዓይኑ ስር አሸዋ ተጋግሯል። ራህመት በሩን ከፍታ መኪናው ውስጥ ተቀምጣለች።

«አላገኘሁትም» አለ ይርዳው፣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሞተሩ እያየ። «ከከፊልህ ጋር እኔ ልነጋገር። አሁን አብሬያችሁ ነሲም እመጣለሁ። ያላገኘሁት እኔ ነኝ፣ ሹፌሩ ጥፋት የለበትም እለዋለሁ። ሁለት ቀን ይጨምርልን።»

የሥራ ልብሱን መፍታት ጀመረ። የምሩን ነው።

ያን ጊዜ ቅዳሜን አሰብኩ። እኔ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ፓስፖርቴ ላይ የኹሩጅ ማኅተም። ራህመት ነሲም። ይርዳው ሰናኢያ። መሐላቸው የግማሽ ሰዓት መንገድ። እውነቱን ያናገረኝ ጽድቅ አልነበረም፣ ንስሐም አልነበረም፤ ያው ቅናቱ ነው። ዘይቱን ያስጠረገኝ ቅናት መልሶ አፌን ከፈተው።

«አይቼዋለሁ» አልኩ። «ባጥሐ ላይ። አይቼ ጠረግሁት።»

ይርዳው ልብሱን ይዞ ቆመ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ እንዲሰድበኝም ፈለግሁ።

«በየት በኩል?» አለኝ።

«ከዲስትሪቡተሩ ሥር።»

«ባጥሐ መኪናው እንዴት ነበር የቆመው?»

ዳገት ላይ፣ አፍንጫው ወደ ላይ አልኩት። ቀጥሎ ስለ ቤታችን ግቢ ጠየቀኝ። መግቢያው ዳገት ነው ወይ? ነው። ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚቆመው? የልጁ መኪና ቀድሞ ካልገባ፣ አዎ፤ ከገባ ደጅ ሜዳው ላይ ነው የሚያድረው። ስናገር ራሴን ሰማሁት። ሰድሩ ላይ ያፈስሳል፣ ደጅ ይደርቃል። ሦስት ወር ሙሉ በቀን ቆጥሬዋለሁ እንጂ በቦታ አስቤው አላውቅም።

ይርዳው ቁልፉን ተቀበለኝ። ከወርሻው ጎን ወዳለው የመጫኛ ዳገት መኪናውን በአፍንጫው አወጣው፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ራህመት ወርዳ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ሁሉን ሰምታለች። አላየችኝም።

ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ ጥቁሩ ክር ወረደ። ትኩስ ዘይት ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ይጠራቀምና በዲስትሪቡተሩ ግርጌ ባለው ቀለበት በኩል ያመልጣል። ይርዳው ዲስትሪቡተሩን ምልክት አድርጎ ነቀለው። የጎማው ቀለበት እንደ አጥንት ደርቆ፣ ሊያወጣው ሲል በጣቶቹ መሐል ተሰበረ። ሱቁ ለመግሪብ ከመዘጋቱ በፊት ሮጦ አዲስ ገዛ። ዋጋው ከጠዋቱ ሻያችን አይበልጥም። ገጥሞት፣ ሞተሩን አስነስቶ አሙቆ፣ ዳገቱ ላይ መልሰን አቆምነው። አዛን እስኪል፣ ሰዎች ሰግደው እስኪመለሱ ጠበቅን። ደረቀ።

የእጁን ዋጋ ስሰጠው ተቀበለኝ፤ ከተነጋገርነው በላይ አንድም ሪያል አልወሰደም። ራህመት ወደ መኪናው ስትገባ ጠበቀና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ወንድሜ፣ እኔን ብትጠረጥረኝ አልፈርድብህም። እሷን ግን አትጠርጥር» አለኝ።

ይህ ሊያሳርፈኝ የተባለ ነው። አላሳረፈኝም። የመጀመሪያው ግማሽ እንደ ሚስማር ገባ። አዎ ማለቱ ነበር።

ዳኢሪው፣ ምሽት 1 ሰዓት

የመንገድ መብራቶቹ በርተዋል። ራህመት ከኋላ ናት፣ ድስቱ አጠገቧ። ከሁለት መውጫ በኋላ እሷ ቀድማ ተናገረች።

«ቀኑን ሙሉ በመስታወት ስትጠይቀኝ ዋልክ። በአፍህ ጠይቀኝ።»

መንገዱን እያየሁ ጠየቅኋት። «ወዶሽ ነበር?»

«አዎ» አለችኝ። «ነግሮኝ አያውቅም። ግን አውቃለሁ።»

«አንቺስ?»

ከዚያ የድሮውን ቤት ነገረችኝ። እስካሁን በትንሹ እንጂ እንዲህ ነግራኝ አታውቅም ነበር። ሁለት ዓመት ከበር አላስወጧትም። ስልክ አይፈቀድም፣ ደብዳቤ የሚወስድላት የለም። የቤቱን መኪና ሊሠራ በየወሩ የሚመጣ ሐበሻ መካኒክ ነበር። በኩሽናው መስኮት ደብዳቤዋን ታቀብለዋለች፣ እሱ ፖስታ ቤት ያደርስላታል። አንድ ወር ፊቷ አብጦ አገኛት፣ በሚቀጥለው ቀን ለመኪናው ዕቃ ረሳሁ ብሎ ተመልሶ የጥርስ መድኃኒት በመስኮቱ አቀበላት።

«ከእጄ የተቀበለው ሁሉ ፖስታው ላይ ያንተ ስም ያለበት ነው» አለችኝ። «ሰይድ እያለ ያነባል፣ ኪሱ ይከታል፣ ይሄዳል። ሁለት ዓመት። አንተ ደብዳቤዬ አንዴም አልቀረብህም። አንቺስ ላልከኝ፣ መልሱ ይህ ነው።»

እውነት ነው፤ አንዴም አልቀረብኝም። ሐይቅ ቁጭ ብዬ ሃያ አራት ደብዳቤ ተቀብያለሁ። በየወሩ ስከፍታቸው፣ ማን እንዳደረሳቸው አስቤ አላውቅም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ዛሬ ያደረግከውን እንዳታደርግ» አለች። ቀጥላም፣ ተቆጥታ ሳይሆን ደክሟት፣ «አንተ ብትሄድ እኔ ብቻዬን ልቀር ነበር እኮ ሰይድ። እሱን ለማሳፈር እኔን ልታስቀረኝ ነበር» አለችኝ።

ይቅርታ አልኳት፤ ሰማችኝ። መስታወቱን ወደ መንገዱ መልሼ አስተካከልኩት።

ነሲም፣ ምሽት 2 ሰዓት

አቡ ናስር ከዒሻ ሶላት ሲመለስ ደጅ ላይ ተገናኘን። የልጁ መኪና አልነበረም፣ ስለዚህ አሮጌውን በአፍንጫው ወደ ግቢው አወጣሁት፣ ነጩ ሰድር ላይ። ሞተሩ እንደሞቀ ነው። ካርቶን አነጠፍኩ። ሽማግሌው ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠ። ቡናውን ሦስት ሲኒ ጠጣ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ካርቶኑን ስቦ በመብራት አየው። ገለበጠው። ንጹሕ ነው።

«ማሻአላህ። ማን አገኘው?» አለኝ።

ራህመት ድስቱን ይዛ ኩሽና በር ላይ ደርሳ ነበር። ቆመች። አልዞረችም፣ ግን ቆመች።

እኔ ብል ውሸት አይሆንም፤ መጀመሪያ በዓይኑ ያየው እኔ ነኝ። አቡ ናስርም ከዚያ ወዲያ ሹፌር አያስፈልግም አይልም። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«ሰናኢያ ያለ ይርዳው የሚባል ሐበሻ ነው» አልኩት።

አቡ ናስር ራሱን ነቀነቀ። ሁለት ሰው ሞተር ይውረድ ያሉትን ሳያወርድ የሠራ መካኒክ ታማኝ ሰው ነው አለ። የልጁም መኪና ሰሞኑን ድምፅ ጀምሯል። እንግዲህ በየወሩ እዚህ ቤት እየመጣ መኪኖቹን ይይ፤ በሚቀጥለው ሐሙስ ይምጣ፣ አንተ ሂድና አምጣው አለኝ።

«ኢንሻአላህ» አልኩ።

ያኔ ራህመት ዞረች። ቀኑን ሙሉ ከማን ጋር እንደምትስቅ ስቆጥር በዋልኩት በእኔ ላይ፣ ድስቱን በሁለት እጇ እንደያዘች፣ ድምፅ ሳታሰማ ሳቀችብኝ። ወደ ውስጥ ገባች። እኔም ካርቶኑን አንስቼ ግድግዳው ጥግ አቆምኩትና የመኪናውን በሮች እየቆለፍኩ፣ ሐሙስ ስንት ቀን እንደቀረው ቆጠርኩ።